የሰም ቤት፤ የተበደለው ቀራጺ ቂም

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ አበው። በደል የፈጸመው ሰው ጉዳዩን ረስቶ ወደ ሌላ ሥራው ሲሄድ የተበደለው ግን ቁስሉን ይዞ ይቀራል። ቁስሉ በዳኛ ፊት ካልታየለት፣ ካሳ ካልተቆረጠለት ወይም በሽማግሌ ካልታረቀ ሌሊት እየቀሰቀሰ ያነጋግረዋል። ይህ የሰው ልጅ ጠባይ በየአገሩ አንድ ነው። በዛሬው የእሑድ ጽሑፋችን የምንመለከተውም ይህንኑ ጠባይ መሠረት አድርጎ የተሠራ፣ እጅግ የሚያስደነግጥ፣ ነገር ግን ከድንጋጤው ይልቅ ቁም ነገሩ የሚበልጥ አንድ የቆየ ፊልም ነው።

ፊልሙ «የሰም ቤት» ይባላል። ያወጣው የአሜሪካው የዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1953 ነበር። ዲሬክተሩ በሀንጋሪ የተወለደው አንድሬ ደ ቶት ነው፤ ዋናው ተዋናይ ደግሞ ቪንሰንት ፕራይስ ነው። ከታየ ሰባ ዓመት ያለፈው ቢሆንም ዋጋው አልቀነሰም፤ በ2014 የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቆዩ ከሚመርጣቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። ዛሬ ተማሪው በእጅ ስልኩ ሳይቀር ሊያየው ይችላልና፣ ከማየቱ በፊትም ሆነ ካየው በኋላ ጥቂት ነገር ማሰላሰሉ አይከፋም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ በኒውዮርክ ከተማ ሄንሪ ጃሮድ የሚባል ቀራጺ የሰም ምስሎች የሚታዩበት ሙዚየም ነበረው። ጃሮድ የሚሠራው የታሪክ ሰዎችን ነው፤ ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ አንገቷ የተቆረጠችውን የንግሥት ማሪ አንቷኔትን ምስል ነው። ምስሎቹን እንደ ልጆቹ ያነጋግራቸዋል። የንግድ ሸሪኩ ማቲው ቡርክ ግን ከዚህ ሁሉ ውበት ገንዘብ አልገባለትም። ሕዝቡ የሚወደው ግድያና ስቅላት ነውና እርሱን አሳይ ይለዋል፤ ጃሮድም አይሆንም ይላል። የቡርክን ድርሻ ሊገዛ የሚያስብ አንድ ሀብታም የሥነ ጥበብ ሐያሲ ቢገኝም መልስ የሚሰጠው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ቡርክ ሦስት ወር መታገሥ አልፈለገም። ሙዚየሙን በእሳት አቃጥሎ የኢንሹራንሱን 25,000 ዶላር መውሰድ ይሻላል ብሎ ክብሪት ጫረ። ቀራጺው ምስሎቹን ለማዳን ሲታገል እሳቱ ውስጥ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ፊልሙን የሚያይ ሰው ሁሉ ልቡ ከጃሮድ ጋር ነው። የሰሙ ፊት እየፈሰሰ፣ የብርጭቆ ዓይኖቹ እየወረዱ፣ የዓመታት ድካም በጥቂት ደቂቃ ወለል ላይ ኩሬ ሲሆን ሲያይ የማያዝን የለም። በእጁ ሠርቶ የሚያውቅ ሰውማ ከማዘንም አልፎ ይቈጣል። ደራሲው ይህን ያደረገው ዐውቆ ነው፤ አስቀድሞ እንድናዝንለት ያደርገናል፣ ኋላ ደግሞ ኀዘናችን እስከ የት ድረስ አብሮት እንደሚሄድ ይፈትነናል።

ከእሳቱ በኋላ ቡርክ ገንዘቡን ተቀበለ። ብዙ ሳይቆይ ግን ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ፊቱ በእሳት የተበላ ሰው መጥቶ ገደለው፤ ራሱን የሰቀለም አስመሰለው። ቀጥሎ ቡርክ ሊያገባት ያሰባት ካቲ ግሬይ የተባለች ወጣት ተገደለች፤ አስከሬኗም ከሬሳ ማቆያው ጠፋ። በመካከሉ ሞቷል የተባለው ጃሮድ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ብቅ ይላል። እጆቹ ተቃጥለው መቅረጽ ስለማይችል በረዳቶች እጅ አዲስ ሙዚየም ይከፍታል። የካቲ ጓደኛ ሱ አለን ሙዚየሙን ልታይ ስትገባ የፈረንሳይዋ ጀግና የዣን ዳርክ ምስል ሟች ጓደኛዋን ቁርጥ መስሎ ታየዋለች። ጥርጣሬዋን የሚሰማት ግን ብዙ አይደለም። በመጨረሻ ብቻዋን ገብታ ከምስሉ ራስ ላይ ጥቁሩን ሰው ሠራሽ ጸጉር ብታነሣው ከሥሩ የካቲ ወርቃማ ጸጉር ወጣ። ጃሮድ ከወንበሩ ተነሥቶ በእግሩ ሲመጣባት ፊቱን ትመታዋለች፤ ያ ደግ የሚመስለው ፊት እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። እርሱም ሰም ኖሯል። ከሰሙ በታች ያለው ያ የተቃጠለው ገዳይ ነው። ሱን ማሪ አንቷኔት ሊያደርጋት በሚፈላው ሰም ሥር አስተኝቷት ሳለ ፖሊሶች ደርሰው ታተርፋለች፤ ጃሮድ ግን ራሱ ካፈላው ሰም ውስጥ ወድቆ ይሞታል።

ስለ አሠራሩም ጥቂት እንበል። በዚያ ጊዜ ቴሌቪዥን በአሜሪካ ተመልካቹን ከሲኒማ ቤት እያስቀረው ስለ ነበር ኩባንያዎቹ በቤት የማይገኝ ነገር ይፈልጉ ነበር። «የሰም ቤት» በልዩ መነጽር ሲታይ ሥዕሉ ከመጋረጃው ወጥቶ ወደ ተመልካቹ የሚመጣ የሚያስመስል ነው፤ ከታላላቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች መካከል በዚህ ዘዴ ባለ ቀለም ረጅም ፊልም ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የሚያስደንቀው ግን ዲሬክተሩ ደ ቶት አንድ ዓይን ብቻ የነበረው መሆኑ ነው። ሌሎችን በመቀመጫቸው ያዘለለውን ነገር እርሱ ራሱ ሊያየው አይችልም ነበር። ታሪኩም አዲስ አልነበረም፤ ይኸው ኩባንያ በ1933 በማይክል ከርቲዝ ዲሬክተርነት አንድ ጊዜ ሠርቶት ነበር።

በእኛም ከተማ ሲኒማ በተጀመረ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ መጥራቱ ይታወቃል። በጨለማ ውስጥ የሌለ ሰው ሲንቀሳቀስ ማየት ለዚያ ዘመን ሰው ቀላል ነገር አልነበረም። የዛሬው ወጣት በዚህ ስም ይስቃል። ሆኖም «የሰም ቤት»ን ሌሊት ብቻውን የሚያይ ሰው አያቶቹ ምን ለማለት እንደ ፈለጉ ጥቂት ሳይገባው አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህን ፊልም አሜሪካዊ ሲያየውና ኢትዮጵያዊ ሲያየው አንድ አይደለም። ምክንያቱም ሰም ለእኛ የቤት ዕቃ ነው። ወር በገባ በ19ኛው ቀን ወደ ብሥራተ ገብርኤል ብቅ ያለ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጧፍ ይዘው የሚቆሙትን ሻጮች ያያል። ጧፍ የጥጥ ፈትል በቀለጠ ሰም እየተነከረ የሚሠራ ነው። ሰሙም ጥንት ከቀፎው በቀጥታ ብቻ ሳይሆን ከጠጅ ቤትም ይመጣ ነበር፤ ጠጁ ሲጠለል የሚቀረው ሰፈፍ ቀልጦ ተጣርቶ ሰም ይሆናል። በገብርኤል አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ዘወትር የሚሣሉትን ሁለት ሥዕሎችም እናውቃለን፤ በታኅሣሥ 19 የሚታሰቡትን ሦስቱን ወጣቶች በእሳት እቶን ውስጥ፣ በሐምሌ 19 የሚታሰቡትን ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን በሚፈላው ጋን ውስጥ። እሳትና የሚፈላ ጋን፣ ሁለቱም በጃሮድ ታሪክ ውስጥ አሉ። ልዩነቱ በሥዕሎቹ ላይ አዳኝ መኖሩ ነው። በፊልሙ እሳት ውስጥ ለቀራጺው የደረሰለት የለም።

ከዚህም የሚጠልቅ ነገር አለ። የእኛ አንጥረኞች ጥንት የነሐስ መስቀል ሲሠሩ አስቀድመው መስቀሉን በሰም ይቀርጹታል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍኑታል፤ ጭቃውን በእሳት ሲያግሉት ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣና ባዶ ቦታውን ይተዋል፤ በዚያ ባዶ ቦታ የቀለጠው ማዕድን ይገባል። ጭቃው ሲሰበር መስቀሉ ይወጣል። የቅኔ መምህራንም «ሰምና ወርቅ» ያሉት ከዚሁ ከአንጥረኛው ቤት ወስደው ነው። ለእኛ ባለ እጅ የሰም መቅለጥ የሥራው መካከል እንጂ መጨረሻው አይደለም። ሰሙ የሚሠራው እንዲቀልጥ ነው፤ ሲቀልጥም ለከበረው ነገር ቦታ ይለቃል።

የጃሮድ መከራ በዚህ ተቃራኒ ነው። ለእርሱ ሰሙ ራሱ ወርቅ ነበር፤ ሰሙ ሲቀልጥ ሌላ የቀረ ነገር አልነበረውም። ኋላ እንደገና ሲሠራም ሰሙን ከላይ አድርጎ በውስጡ ያኖረው ወርቅ ሳይሆን ሬሳ ነው። ሰሙ ያማረ፣ ወርቁ የገማ ቅኔ ማለት ይህ ነው። ቂም የያዘ ሰው ሁሉ እንደዚሁ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ከላይ ትሕትና፣ ፈገግታና ጥሩ ልብስ ይታያል፤ በውስጥ ያለው ግን ከዓመታት በፊት የሞተ ነገር ነው።

አንባቢ ምናልባት «ታዲያ ቡርክን መግደሉ ምን ያስገርማል? የእጁን አገኘ» ይል ይሆናል። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ይህ ክርክር ይኖር ነበር። ነገር ግን ልብ ብለን እንቍጠር። ካቲ ክብሪት አልጫረችም። ሱ የኢንሹራንስ ገንዘብ አልተቀበለችም። ሁለቱ የተፈለጉት መልካቸው ከጠፉት ምስሎች ጋር ስለሚመሳሰል ብቻ ነው። ቂሙ ከባለ ዕዳው ጀምሮ ዕዳ ከሌለበት ደጃፍ ደረሰ። እንዲያውም የሚብሰው ሌላ ነው። ጃሮድ በአዲሱ ሙዚየም ውስጥ የከፈተው ቀድሞ አሻፈረኝ ያለውን የግድያና የስቅላት ትርዒት ነው፤ ሕዝቡም ጎረፈ። ይህም ማለት ቡርክን ገድሎ የቡርክን ምክር ፈጸመ ማለት ነው። በዳዩን የገደለው ሰው ራሱ በዳዩን ሆኖ ቁጭ አለ።

የአገራችን ሽማግሌዎች ይህን አስቀድመው ያወቁት ይመስላል። በልዩ ልዩ ስም በየአካባቢው የሚታወቀው የደም ካሳ ሥርዐት ዋና ዓላማው ሟችን ለመተመን አይደለም፤ የሟች ወገንና የገዳይ ወገን አንዱ ሌላውን እየገደለ ማለቂያ የሌለው ቍጥር እንዳይቆጥር ሒሳቡን አንድ ቦታ ላይ ለመዝጋት ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ የሠራው «ጉማ» የተባለው የአማርኛ ፊልም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ሥርዐት ነው። ካሳ ያስታርቃል፤ ቂም ግን ሒሳብ አያውቅም። ጃሮድ ካሳ የሚያስከፍልለት ሽማግሌም ዳኛም አላገኘም። ስለዚህ ሒሳቡን ራሱ ያዘው፤ ሲይዘውም መዝጊያው ጠፋበት።

እዚህ ላይ ራሳችንን የሚነካ ጥያቄ ይነሣል። ፊልሙ የተበደለውን ባለ እጅ አውሬ ያደርገዋል። እኛስ? በአገራችን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ ያበጀልንን፣ አፈር ለውሶ ምጣድ የሠራልንን፣ ቆዳ የፋቀልንን፣ ሸማ የሠራልንን ሰው ለብዙ ዘመን «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ በዓይኑ ይበላል» ስንል ኖረናል። የሠራውን እየተጠቀምንበት መሬት ነፈግነው፤ ከእርሱ ጋር መጋባትንም እንደ ነውር ቈጠርን። ልብ አድርጉ፤ ባለ እጁ ማንንም አልገደለም። አስፈሪውን ታሪክ የፈጠርነው እኛ ነን። በአሜሪካው ፊልም በደሉ ይቀድማል፣ አውሬነቱ ይከተላል። በእኛ ዘንድ ግን አውሬ ነው የሚለው ስም ራሱ በደሉ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። አዋጁ ስድብን ከለከለ፤ ሐሜቱን ግን ከየቤቱ ማስወጣት የእያንዳንዱ ትውልድ ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ተበድሎ አውሬ ያልሆነ የጥበብ ሰውም ሞልቷል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ተውኔት አሳዩ። የአማርኛ ተውኔት መጀመሪያ ይኸው ነው። እንስሳትን እያናገረ የሹማምንቱን ብልሹነት ስለሚነካ መኳንንቱ ተቈጡና ታገደ። ደራሲው ግን ቂማቸውን ጋን ውስጥ አላፈሉም። የ1923ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው፤ በኋላም ኢጣልያ ስትወረን በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው የተከራከሩ እርሳቸው ነበሩ። ተውኔታቸውን ያገደባቸው መንግሥት በችግሩ ቀን ብዕራቸውንና አንደበታቸውን ፈለገ፤ እርሳቸውም አልነፈጉም።

ሁለተኛው ምሳሌ የሚገኘው ከዚሁ ከ«የሰም ቤት» ውስጥ ነው። የጃሮድ ረዳት የሆነውን ሰካራሙን ሌዮንን የሚጫወተው ኔድሪክ ያንግ ይባላል። ፊልሙ ሲታይ ስሙ በተዋንያኑ ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈም። በዚያው በ1953 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ስለ ፖለቲካ እምነቱ ሲጠይቀው አልመልስም በማለቱ በሆሊዉድ ሥራ ከተከለከሉት ሰዎች አንዱ ሆኖ ነበር። እንግዲህ ስለ ተበደለ አርቲስት በሚናገረው ፊልም ውስጥ እውነተኛው የተበደለ አርቲስት ስም የለሽ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ያንግ ምን አደረገ? በብዕር ስም መጻፉን ቀጠለ። በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ እስረኞች አብረው ሲያመልጡ የሚያሳየውን የ1958ቱን ፊልም ከጓደኛው ጋር ጽፎ የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ ሽልማቱም ለብዕር ስሙ ተሰጠ። በ1968 ከሞተ በኋላ እውነተኛ ስሙ በሽልማቱ መዝገብ ላይ ተመልሶለታል።

ቪንሰንት ፕራይስም ቢሆን ከተጫወተው ሰው የራቀ ነበር። በየል ዩኒቨርስቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ያጠና፣ ሥዕል መሰብሰብ የሚወድ ሰው ነው። ከስብስቡ ብዙውን ለኢስት ሎስ አንጀለስ ኮሌጅ ሰጥቶ፣ ገንዘብ የሌላቸው ተማሪዎች እውነተኛ የጥበብ ሥራ በቅርብ እንዲያዩ አድርጓል። በፊልም ለሥነ ጥበብ ሲል ሰው የሚገድለው ተዋናይ በኑሮው የጥበብ ሥራውን ለሰው ሰጠ።

በመጨረሻ አንድ እውነተኛ የሰም ቤት እሳት እናስታውስ። በለንደን የሚገኘው የማዳም ቱሶ የሰም ሙዚየም በ1925 ተቃጥሎ ብዙዎቹ ምስሎች ቀልጠዋል። ነገር ግን ምስሎቹ የወጡባቸው ቅርጾች ስለ ተረፉ እንደገና ሊሠሩ ቻሉ፤ ሙዚየሙም በ1928 ተከፈተ። የተረፈው ውጫዊው ሰም ሳይሆን ሰሙን የሚወልደው ቅርጽ ነው። ለሕዝብም እንዲህ ያለ ቅርጽ ያስፈልገዋል። የሥራ ፍሬ ቢጠፋ እንደገና የሚያስነሣው፣ ሠሪው ሲበደል ሒሳቡን በሥርዐት የሚዘጋለት ቅርጽ ሕግ ነው። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የደራሲንና የአርቲስትን የሥራ ባለቤትነት ዐውቋል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ደግሞ ጠለቅ ብሎ ደንግጎታል። ሆኖም ሕግ በወረቀት ላይ ሰም ነው፤ ወርቅ የሚሆነው በሚያስፈጽመው ሰው እጅ ነው።

እንግዲህ ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይህን ፊልም ሲያይ ራሱን ከጃሮድ ወይም ከቡርክ ጋር ብቻ አያመዛዝን። በፊልሙ ውስጥ ስማቸው ብዙ የማይነሣ ሰዎች አሉ። የሙዚየሙን ቃጠሎ ድንገተኛ ነው ብሎ ገንዘቡን የከፈለው ጸሓፊ አለ። የቡርክን ሞት ራሱን ሰቅሎ ነው ብሎ መዝገቡን የዘጋው አለ። ሱ የጓደኛዬ ፊት ነው ስትል ፈገግ ብሎ ያለፋት አለ። ከእነዚህ አንዳቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወደ ምሳ የቸኰሉ ሰዎች ነበሩ። አንዱ እንኳ መዝገቡን መልሶ ቢገልጠው ኖሮ ጃሮድ ካቲን ከመግደሉ በፊት በዳኛ ፊት በቆመ ነበር።

ነገ አንድ ሠዓሊ ሥራዬ ያለ ፈቃዴ ታተመብኝ ብሎ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ የገበያ ቦታዬን ተቀማሁ ብላ፣ አንድ አንጥረኛ የሠራሁበት አልተከፈለኝም ብሎ ከጠረጴዛው ፊት ሲቆም፣ ወጣቱ ሹም «ነገ ተመለስ» ለማለት አፉን ከመክፈቱ በፊት ያንን የተሰነጠቀ የሰም ፊት ያስታውስ። አቤት ባዩ ገዳይ ይሆናል ተብሎ አይደለም፤ አብዛኛው አይሆንም። ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እጁንም ከሥራው ያነሣል። የሠራተኛ እጅ መታጠፍም ራሱ ሞት ነው፤ ልዩነቱ ሬሳው በሙዚየም ቆሞ አለመታየቱ ብቻ ነው።